የጥቁር ጀበና ትከሻ፦ ቀላል ቅርጾችን አዋሕዶ ጠጣር የሚመስል ዲጂታል ዕቃ ስለ መሥራት

በኮምፒውተር ግራፊክስ ትምህርት ታሪክ በብዛት ከተሣሉት ዕቃዎች አንዱ የሻይ ማፍያ ነው። ማርቲን ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1975 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሳለ የቤቱን የሻይ ማፍያ ቅርጽ በቁጥር ካሰፈረ ወዲህ፣ አዲስ የብርሃንና የጥላ ዘዴ ያገኘ ተመራማሪ ሁሉ ዘዴውን በዚያ ማፍያ ላይ መሞከሩ ልማድ ሆኗል። ዋናው ማፍያ ዛሬ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ቀለሙ ነጭ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚሁ ነጭነት ነው።

በጠምባሮ ዋና ከተማ በሙዱላ፣ እንዲሁም በዱራሜና በሆሳዕና ቤቶች ከማቶት ላይ የሚቀመጠው ጀበና በአሠራሩ ከማፍያው ብዙም አይርቅም። ሆድ፣ አንገት፣ እጀታ አለው፤ በብዙዎቹ ላይም ማፍሰሻ ይጨመርበታል። ጀበናው ግን ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው። የማስተማሪያ መጻሕፍትን ቀመር እንዳለ ወስዶ ጀበናን የሚሠራ ተማሪ ሆዱን በሉል፣ አንገቱን በሲሊንደር ወክሎ መጋጠሚያውን ያለሰልሳል። በግራጫ ቀለም ሲያየው መልካም ይመስለዋል። ጥቁር ቀለምና ማብለጭለጭ በጨመረበት ጊዜ ግን ትከሻው ላይ፣ ማለትም አንገቱ ከሆዱ በሚገናኝበት ቦታ፣ የማይታወቅ ስብራት ብቅ ይላል። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ከብርሃኑ ይፈልጋል፤ መብራት ይጨምራል፣ ቦታውን ይለውጣል። ከዚህ በታች በስሌት እንደሚታየው ጥፋቱ ያለው ከብርሃኑ ሳይሆን ከማዋሐጃው ቀመር ላይ ነው፤ ቀመሩም መመረጥ ያለበት በዕቃው ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በገጹ ጠባይ ጭምር ነው።

ቅርጹን በርቀት መግለጽ

ጀበናን በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች መሸፈን አንዱ መንገድ ነው። እዚህ የተመረጠው ሌላው ነው፤ ቅርጹን በርቀት መግለጽ። በጠፈሩ ውስጥ ላለ ለማንኛውም ነጥብ ከዕቃው ገጽ ያለውን ርቀት የሚሰጥ ቀመር ይዘጋጃል። ነጥቡ ከዕቃው ውጭ ከሆነ ቁጥሩ አዎንታዊ፣ ውስጥ ከሆነ አሉታዊ፣ ገጹ ላይ ከሆነ ዜሮ ይሆናል። ለሉል ቀመሩ ከማዕከሉ ያለው ርቀት ሲቀነስ ሬዲየሱ ነው። ለቆመ ሲሊንደር ደግሞ ከቋሚው መስመር ያለው አግድም ርቀት ሲቀነስ ሬዲየሱ ነው። ከዚህ የቀለለ መነሻ ማግኘት አይቻልም።

ሥዕሉን ለማውጣት ከተመልካቹ ዓይን በእያንዳንዱ ፒክስል በኩል አንድ ጨረር ይላካል። ጨረሩ ባለበት ነጥብ ላይ ርቀቱ ይሰላል፤ ገጹ ከዚያ ርቀት በታች ሊገኝ ስለማይችል ጨረሩ ያን ያህል ያለ ሥጋት ይራመዳል፤ ርቀቱ ለዜሮ እስኪቀርብ ድረስም ይደገማል። ጆን ሃርት ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1996 በዝርዝር አቅርቦታል። ለእኛ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። ጀበናው የሚቀመጠው በሁለት ደርዘን በማይሞሉ ቁጥሮች ስለሆነ ፋይሉ በስልክ አጭር መልእክት ሊላክ የሚችል ያህል ትንሽ ነው። 640 በ480 የሆነ ሥዕል 307,200 ፒክስል አለው፤ ለአንድ ጨረር 50 እርምጃ ብንመድብ የርቀት ስሌቱ ወደ 15 ሚሊዮን ይጠጋል። ይህ የተለየ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ተራ ኮምፒውተር የሚችለው ሥራ ነው።

ለስሌቱ የሆዱ ሬዲየስ 8 ሴንቲሜትር፣ የአንገቱ 2 ሴንቲሜትር ተደርጎ ተወስዷል። ልኮቹ ከቤት ጀበና እምብዛም የማይርቁ፣ ግን ለሒሳብ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። ነገሩን ለማቅለል ጀበናውን በመሐል ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀን ቁራጩን ብቻ እንመለከታለን። እያንዳንዱ ነጥብ በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል፤ የመጀመሪያው ከመሐለኛው መስመር ያለው አግድም ርቀት፣ ሁለተኛው ከሆዱ ማዕከል ያለው ቁመት። ብርሃኑ ከቀኝ በኩል ከላይ ይመጣል፤ አቅጣጫው ወደ ቀኝ 0.6፣ ወደ ላይ 0.8 ነው። ብርሃን ከላይ መምጣቱ ለአመል ብቻ የተደረገ አይደለም። ራማቻንድራን እ.ኤ.አ. በ1988 እንዳሳየው ዓይናችን ጥላን ሲተረጉም ብርሃኑ ከላይ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል፤ ከታች ያበራንበት ጉብታ ጉድጓድ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሳይዋሐዱ ሲጋጠሙ

ሁለቱን ቅርጾች ያለ ማዋሐጃ ለማጋጠም ከሁለቱ ርቀቶች ትንሹን መውሰድ ይበቃል። ሲሊንደሩ ከሉሉ የሚገናኘው በአግድም 2፣ በቁመት 7.75 ሴንቲሜትር ላይ ነው። የማያብለጨልጭ ገጽ ብሩህነት፣ ላምበርት በ1760 እንደደነገገው፣ በገጹ አቅጣጫና በብርሃኑ አቅጣጫ መካከል ባለው ማዕዘን ኮሳይን ይወሰናል። የገጹ አቅጣጫ ስንል ከገጹ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣውን፣ ኖርማል የሚባለውን ቬክተር ማለታችን ነው።

በመጋጠሚያው ላይ የሉሉ ኖርማል (0.25፣ 0.97) ሲሆን የሲሊንደሩ (1፣ 0) ነው። በቀኝ በኩል የሉሉ ብሩህነት 0.92 ሆኖ ሲደርስ የአንገቱ በድንገት 0.60 ይሆናል። በግራ በኩል ያለው ይብሳል። ከትከሻው 4 ሴንቲሜትር አግድም ርቀት ላይ 0.39 የነበረው ብሩህነት ወደ አንገቱ ሲጠጋ እየጨመረ 0.62 ይደርስና ወዲያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዓይን ይህን የሚያነበው እንደ አንድ ዕቃ ሳይሆን በኳስ ላይ እንደተሰካ ቧንቧ ነው። ደግሞም ትክክል ነው፤ የሠራነው እርሱን ነውና።

ማዋሐጃው

ቅርጾችን በቀመር ማዋሐድ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጄምስ ብሊን እ.ኤ.አ. በ1982 ሞለኪውሎችን ለማሳየት አተሞችን እርስ በርስ የሚቀላቀሉ እብጠቶች አድርጎ ሥሏል። ዛሬ በርቀት ዘዴ ለሚሠሩ ሰዎች ቅርብ የሆነውን አቀራረብ በሰፊው ያስተዋወቀው ኢኒጎ ኪሌዝ ነው። ከሆዱ ያለውን ርቀት ሀ፣ ከአንገቱ ያለውን ለ፣ የማዋሐጃውን ስፋት ወ እንበል። በመጀመሪያ የሁለቱን መቀራረብ የሚለካ ቁጥር ይሰላል፦

ቀ = 1 − |ሀ − ለ| ÷ ወ

ይህ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ ይባላል። ከዚያም፦

የተዋሐደ ርቀት = ከሀ እና ከለ ትንሹ − ወ × ቀ² ÷ 4

ነጥቡ ከሁለቱ ቅርጾች እኩል በራቀበት ቦታ ቀ = 1 ስለሚሆን ርቀቱ በወ ÷ 4 ይቀንሳል፤ ማለትም ገጹ ያን ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ወ = 2 ሴንቲሜትር ሲሆን ትከሻው ላይ የግማሽ ሴንቲሜትር ጭቃ ተጨመረ ማለት ነው። ሸክላ ሠሪዋ የምታደርገውም ይኸው ነው። የሸክላ መሽከርከሪያ አትጠቀምም፤ በመገናኛው ላይ ጭቃ ትጨምራለች፣ በእርጥብ ጣት ትዳብሳለች፣ ሲጠነክር በለሰለሰ ድንጋይ ትፈገፍጋለች። የወ ልክም በአጋጣሚ ከጣት ስፋት ጋር ይቀራረባል።

እዚህ ላይ ከስሌቱ ወጣ ብሎ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ነው። በሀዲያም ሆነ በከምባታና በጠምባሮ ሸክላ ሥራ የሴቶች ሙያ ሲሆን ባለሙያዎቹ ከነቤተ ሰባቸው ለረጅም ዘመን በጋብቻና በማዕድ ተገልለው፣ በንቀት ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የባህል ዕቃዎችን በዲጂታል መልክ እንመዝግብ የሚል ሥራ የጀበናውን ሬዲየስ በሚሊሜትር ይዞ የሠሪዋን ስም ባዶ ከተወው መገለሉን በአዲስ መሣሪያ ደገመው እንጂ ቅርስ አላስጠበቀም። በፋይሉ ላይ፣ ሠሪዋ ፈቃደኛ ስትሆን፣ ስሟ የሚገባበት ቦታ ከሬዲየሱ በፊት መምጣት አለበት ባይ ነኝ።

ወደ ቀመሩ እንመለስ። የማዋሐጃው እውነተኛ ጠቀሜታ የሚታየው ኖርማሉ ላይ ነው። ቀመሩን በሀ እና በለ ስናካፍል፣ ማለትም ዴሪቬቲቩን ስንወስድ፣ የተዋሐደው ገጽ አቅጣጫ የሁለቱ ኖርማሎች ድብልቅ ሆኖ ይገኛል፤ የቅርቡ ቅርጽ ድርሻ 1 − ቀ ÷ 2፣ የሌላው ድርሻ ቀ ÷ 2 ነው። ድርሻዎቹ ሁልጊዜ ተደምረው 1 ይሆናሉ። ከዚህ ሁለት ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፣ ኖርማሉን ለማግኘት በየነጥቡ ዙሪያ ርቀቱን ስድስት ጊዜ መልሶ ማስላት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ የድብልቁ ርዝመት ከ1 ስለማይበልጥ ጨረሩ ገጹን አልፎ ሊገባ አይችልም። ድብልቁ ከ1 ሊያንስ ስለሚችል ግን ብሩህነት ከማስላታችን በፊት ርዝመቱ ወደ 1 መመለስ አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው ትከሻው ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ጥቁር ቀለበት ያገኛል።

አሁን አምስት ነጥቦችን ከሆድ ወደ አንገት ተከትለን እንውጣ። ማዋሐጃው የሚጀምረው (4፣ 6.93) ላይ ነው። ቀጣዩ ነጥብ ቀ = 0.5 የሚሆንበት (3.125፣ 7.5) ነው። መካከለኛው (2.5፣ 8.12)፣ ከእርሱ በላይ ያለው (2.125፣ 8.87)፣ ማብቂያው (2፣ 9.80) ነው። በቀኝ በኩል ብሩህነቱ በቅደም ተከተል 0.99፣ 1.00፣ 0.96፣ 0.81፣ 0.60 ይሆናል። በግራ በኩል 0.39፣ 0.26፣ ከዚያም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከ0.92 ወደ 0.60 የነበረው ዝላይ ጠፍቷል፤ በግራ በኩል የነበረው ያልተጠበቀ መድመቅም ጠፍቶ ብርሃኑ ረጋ ብሎ ወደ ጥላ ገብቷል። አንባቢው ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ሊከልሳቸው ይችላል፤ ሁለተኛው ነጥብ ላይ የሉሉ ኖርማል 5 ለ13 እና 12 ለ13 ሆኖ ስለሚወጣ ሥራው ይቀላል።

ክብነትን የሚናገረው መስመር ሳይሆን የብርሃን መሸጋገር መሆኑን የአገራችን ሠዓሊዎች ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎንደር ሥዕል ደማቅና ጠፍጣፋ ቀለም ይገዛ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ እንደሚታየው፣ ፊቶች ከብሩህ ወደ ጨለማ በቀስታ በሚሸጋገር ቀለም እየተሞሉ መጡ፤ የኋላ መደቡ እንኳ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይፈስ ጀመር።

ጥቁሩ ገጽ

እስካሁን ያለው ስሌት ለማያብለጨልጭና ፈዘዝ ላለ ዕቃ ነው። ጥቁሩ ሸክላ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 በመቶውን ብቻ በትኖ ይመልሳል ብለን ብንወስድ፣ ከላይ በቀኝ በኩል ያገኘናቸው አምስት ቁጥሮች ከ0.036 እስከ 0.06 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይታጨቃሉ። ዓይን ከዚህ ውስጥ ብዙ ቅርጽ ማንበብ አይችልም። ጥቁር ጀበና ቅርጹን የሚነግረን በሌላ መንገድ ነው፤ በብልጭታው። ከለሰለሰ ገጽ ላይ የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ሸክላው ሳይገባ ከላይ ስለሚመለስ የሸክላው ጥቁረት አያዳክመውም። የነጭ ማፍያ ቅርጽ በመላ ገጹ ላይ ተጽፎ ሲገኝ የጥቁር ጀበና ግን በጥቂት የብርሃን ሰንበሮች ላይ ብቻ ተጽፎ ይገኛል።

ብልጭታ ደግሞ ከላምበርት ብሩህነት የበለጠ ጥብቅ ፈራጅ ነው። ልዩነቱ ከዴሪቬቲቭ ደረጃ ይመጣል። የተበተነ ብርሃን የሚከተለው ኖርማሉን ነው፤ ኖርማሉ ሳይዘል ከተሸጋገረ ብሩህነቱም አይዘልም። የብልጭታው ስፋትና መልክ ግን የሚወሰነው ኖርማሉ በሚለወጥበት ፍጥነት፣ ማለትም በገጹ ጉብጠት ነው። ቀላሉ ማዋሐጃ፣ ቀ² ያለበት፣ ኖርማሉን ያለ ዝላይ ያሸጋግራል፤ ጉብጠቱን ግን አያሸጋግርም።

በመጀመሪያው ነጥባችን ላይ እንየው። ከማዋሐጃው በታች ያለው ገጽ ንጹሕ ሉል ስለሆነ የቁራጩ ጉብጠት 1 ÷ 8፣ ማለትም በሴንቲሜትር 0.125 ነው። ልክ ማዋሐጃው ሲጀምር ከዚህ ላይ 0.1875 ይቀነሳል፤ ጉብጠቱም −0.0625 ይሆናል። ምልክቱ ተለወጠ ማለት ነው፤ ወደ ውጭ የጎበጠው ገጽ ያለ አንዳች መሸጋገሪያ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። በላይኛው ማብቂያም እንዲሁ ቀጥ ያለው የአንገት መስመር፣ ጉብጠቱ ዜሮ የነበረው፣ በድንገት −0.24 ይሆናል።

ብልጭታውን በብሊንና በፎንግ ቀመር፣ ኃይሉን 60 አድርገን እናስላው። በዚህ ልክ ብልጭታው ከማዕከሉ 8.7 ዲግሪ ሲርቅ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሆዱ ላይ 8.7 ዲግሪ የሚይዘው 1.2 ሴንቲሜትር ነው፤ ከማዋሐጃው መጀመሪያ ወዲህ ያለው ጉብጠት እንዳለ ቢቀጥል ግን ያው ማዕዘን 2.4 ሴንቲሜትር ይይዝ ነበር። የብልጭታው መዘርጋት በአንድ መስመር ላይ በእጥፍ ተለወጠ። ተመልካቹ ብርሃኑ በሚመጣበት አቅጣጫ አጠገብ ከቆመ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ኖርማሉ ከብርሃኑ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ ሆዱ ላይ በ6.4 ሴንቲሜትር ቁመት፣ ሌላው ማዋሐጃው ውስጥ በ7.45 ገደማ። በሁለቱ መካከል፣ ማዋሐጃው በሚጀምርበት መስመር ላይ፣ ኖርማሉ ከብርሃኑ በ6.9 ዲግሪ ይርቅና ብልጭታው ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። አወራረዱ እንደ ሸለቆ የተለሰለሰ ሳይሆን እንደ ቢላ ስለት ሹል ነው፤ ጉብጠቱ ምልክቱን የቀየረው እዚያው መስመር ላይ ስለሆነ። ተማሪው ያየው ስብራት ይህ ነው።

ግራጫው ሥሪት ይህን ለምን እንደሚደብቅ አሁን ይገባል። እዚያም ላይ በብሩህነቱ አወራረድ ውስጥ መታጠፊያ አለ፤ ኤርንስት ማኽ በ1865 ያመለከተው የዓይን ጠባይም እንዲህ ያሉ መታጠፊያዎችን አጋኖ ያሳያል። አንሪ ጉሮ በ1971 ያቀረበው የሦስት ማዕዘን ማለስለሻ በዚሁ ምክንያት ሲተች ቡይ ቱዎንግ ፎንግ በ1975 ባሳተመው ሥራ ኖርማሉን ራሱን ማሸጋገርን መረጠ። በፈዛዛ ገጽ ላይ ግን መታጠፊያው የሚያስከትለው ቀጭን ሰንበር ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ይቅር ይለዋል። ጥቁርና የተወለወለ ገጽ ይቅር አይልም። የመኪና አካል ነዳፊዎች የብረቱን ገጽ በረድፍ መብራቶች ነጸብራቅ የሚፈትሹት ከዚሁ የተነሣ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ቀመሩ እንዲህ ይለወጣል፦

የተዋሐደ ርቀት = ከሀ እና ከለ ትንሹ − ወ × ቀ³ ÷ 6

አሁን የሌላው ቅርጽ ድርሻ ቀ² ÷ 2 ነው። ጉብጠቱ ላይ የሚጨመረው ለውጥ ከቀ ጋር ስለሚያድግ በማዋሐጃው ጠርዝ ከዜሮ ይጀምራል፤ መሐል ላይም ከሁለቱም ወገን የሚመጣው እኩል ነው። በመሐል የሚጨመረው ጭቃ ከቀድሞው ጋር እኩል ግማሽ ሴንቲሜትር እንዲሆን ወ ወደ 3 ሴንቲሜትር ይሰፋል። መካከለኛው ነጥብ ሳይናወጥ በ(2.5፣ 8.12) ይቆያል፤ ብሩህነቱም 0.96 ነው። የሚለወጠው ጠርዙ ነው። ኖርማሉ ከብርሃኑ የሚርቀው ቢበዛ 4.2 ዲግሪ ሲሆን በሁለቱ ብልጭታዎች መካከል ያለው ዝቅታ 85 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ስለቱም ወደ ለሰለሰ ሸለቆ ይለወጣል። ከሆድ ተነሥቶ ትከሻውን ተሻግሮ ወደ አንገት የሚወጣ አንድ ሰንበር ይታያል። በእውነተኛ ጀበና ላይ በመስኮት ብርሃን የሚታየውም ይህ ነው። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ አንድ ተጨማሪ ብዜት ብቻ ነው።

ስለ ስክሪኑና ስለ እጀታው

ትክክለኛው ስሌት ስክሪን ላይ ሲደርስ ሊበላሽ ይችላል። ስክሪን ለተሰጠው ቁጥር የሚያወጣው ብርሃን ከቁጥሩ ጋር ቀጥታ አይመጣጠንም። ቀደም ሲል በግራ በኩል ያገኘነውን 0.26 በቀጥታ በ255 አባዝተን 66 ብለን ብንልከው ስክሪኑ የሚያወጣው 26 በመቶ ሳይሆን 5 በመቶ ገደማ ብርሃን ነው። የስክሪኑን መደበኛ እርማት ካደረግን የሚላከው ቁጥር 139 ይሆናል። በጥቁር ዕቃ ላይ ይህን መዝለል የጥላውን ወገን እንዳለ ይውጠዋል። ተማሪዎች የጠፋውን ወገን ለማምጣት ሁለተኛ መብራት ሲጨምሩ ይታያል፤ በዚህም ሁለተኛ ብልጭታ ይፈጠርና ዕቃው ይበልጥ ይምታታል።

እጀታው የራሱ ጣጣ አለው። ሁለት ገጾች መካከል ያለው ክፍተት ከወ ሲያንስ፣ ባይነካኩም እንኳ፣ እርስ በርስ ማበጥ ይጀምራሉ። በቀ² ቀመር ክፍተቱ ከወ ÷ 2 ካነሰ ጨርሰው ይጣበቃሉ፤ በቀ³ ደግሞ ከወ ÷ 3። በእኛ ልኮች ሁለቱም 1 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ጣት የሚገባበት ክፍተት ከዚህ ስለሚሰፋ መጣበቁ አያሰጋም። ማበጡ ግን ያሰጋል፤ በቀ³ ወ 3 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከአንገቱ 2.5 ሴንቲሜትር የራቀ እጀታም ቢሆን ትንሽ ይወፍራል፤ አንገቱም በዚያው ትይዩ ያብጣል። ስለዚህ ለእጀታው ከትከሻው ያነሰ ወ፣ ለምሳሌ 1 ሴንቲሜትር፣ መመደብ ይሻላል። ሸክላ ሠሪዋም ብትሆን የእጀታውን ሥር በአንገቱ ልክ አትዳብሰውም።

ቅደም ተከተሉም መታሰብ አለበት። ተራው ትንሹን የመውሰድ ቀመር ማንኛውንም ቅርጽ በማንኛውም ተራ ቢያጋጥሙት ያው ውጤት ይሰጣል። ማዋሐጃው ግን አይሰጥም፤ ሆድና አንገትን አዋሕዶ እጀታውን መጨመርና አንገትና እጀታን አዋሕዶ ሆዱን መጨመር የተለያየ ትከሻ ያወጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሦስቱም በሚቀራረቡበት በእጀታው የታችኛው ሥር ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመረጠው ተራ ጀበናው ራሱ የሚሠራበት ነው፤ በመጀመሪያ ሆዱ፣ በላዩ አንገቱ፣ ትከሻው ከተዳበሰ በኋላ እጀታውና ማፍሰሻው። በዚህ ተራ ሲሠራ የእጀታው ሥር አስቀድሞ በተዋሐደው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ በተቃራኒው ሲሠራ ደግሞ ከሆዱ የሚመጣው እብጠት የእጀታውን ሥር ጠቅልሎ ይወጣና ከታች በኩል ያለው ሰንበር ይቆረጣል።